ዛንዚባር ቀርቶ ዝዋይ

ለቡ መብራት ኃይል በሚገኘው ቤታችን ሳሎን ግድግዳ ላይ የአፍሪካ ካርታ ተለጥፏል። ከትምህርት ቤት ሲጣል ያነሣነው አሮጌ ካርታ ስለሆነ ኢትዮጵያና ኤርትራ ገና በአንድ ቀለም ናቸው። ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ወንዱ ልጃችን ከታንዛንያ ጠረፍ ፈንጠር ብላ የምትታየውን ነጠብጣብ በቀይ እስክሪብቶ ከበባት። ዛንዚባር ነበረች። በዚያው ሰሞን ሁለት ዓመት የጣልነው እቁብ ወጥቶልን ስለነበር ክበቡን እንደ ልጅ ጨዋታ አላለፍነውም።

እኛ ባልና ሚስት ሁለታችንም መምህራን ነን። ሐምሌ ለእኛ ዕረፍት ነው፤ ለዛንዚባር ደግሞ ሐምሌ ደረቅ ወር ነው። ልጆቹ ባሕር አይተው አያውቁም። አባትየው እ.አ.አ. በ2000 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችውን አሮጌዋን የድንጋይ ከተማ፣ ጠባብ መንገዶቿንና የተቀረጹ በሮቿን ለማየት ይመኝ ነበር። አብረውን የሚኖሩት የልጆቹ አያት «ከአገሩ ቅርንፉድ ካመጣችሁልኝ ይበቃኛል» ብለው ጀምረው፣ ሚያዝያ ላይ ሲደርስ «እኔንስ ለማን ትታችሁ ልትሄዱ ነው?» ማለት ጀመሩ። ስድስት ሆንን።

አንድ አያት፣ ሦስት ስም

ለልጆች ፓስፖርት ለማውጣት የልደት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። የእኛ ጥፋት የተገለጠው ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ስንዘረጋቸው ነው። የአባትየው አባት ስማቸው ሙሐመድ ነው። የትልቋ ልጃችን ወረቀት «ሙሐመድ» ይላል፤ የወንዱ «መሐመድ»፤ የትንሿ «ሙሀመድ»። በላቲን ፊደል ሲገለበጥማ አንዱ በኦ፣ ሌላው በኡ፣ ሦስተኛው በኤ ተጽፎ፣ አላህ ይዘንላቸውና አንድ አያት ሦስት ሰው ሆነው ቁጭ አሉ። ወረቀቶቹን በየጊዜው ስንቀበል ያላነበብነው እኛው ነን። በየዓመቱ የተማሪዎችን ፈተና ስናርም ፊደል ላይ የምንጨክን ሰዎች የገዛ ልጆቻችንን ስም አላረምንም።

ማረሙ ጊዜ ወሰደ። እርማቱ እስኪያልቅ የማመልከቻው ጊዜ ተገፋ፤ ማመልከቻው ሲገፋ ቀጠሮው ክረምቱን ዘሎ መስከረም ላይ አረፈ። የእኛ የትልልቆቹ ደርሶ የሦስቱ ልጆች ቀረ። ደግነቱ ትኬት አልቆረጥንም። ከሁለታችን ጥንቃቄ የሚያውቀው ወገን (አባትየው አለመሆኑን መናገር አያስፈልግም) «ፓስፖርቱ እጄ ሳይገባ አንድ ሳንቲም አልከፍልም» ብሎ ነበርና ብራችን ተረፈ።

ይህን የምታነቡ ወላጆች፣ ዛሬ ማታ የልጆቻችሁን ወረቀት ከሣጥን አውጥታችሁ የአያታቸውን ስም ፊደል በፊደል አመሳክሩት። ፓስፖርት ያላችሁም ቢሆን የሚያበቃበትን ቀን ተመልከቱ፤ ብዙ አገሮች ከጉዞው በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው ይጠይቃሉ። እንደ ሙሐመድ ሁሉ ዐብዱራሕማን፣ ኸዲጃና ሑሴን የተባሉትም ስሞች በየወረቀቱ መልካቸው ስለሚለዋወጥ የእኛ ቤት ችግር የብዙዎች እንደሚሆን እንገምታለን።

ልጆቹ ነገሩን በሰሙ ዕለት ወንዱ እራት አልበላም። «ኸይር ነው» አልነው። «ኸይር ከሆነ ለምን አንሄድም?» አለ። መልስ አልነበረንም።

ወደ ሌላ ደሴት

ከሰፈራችን ብዙ ሳይርቅ የጅቡቲ ባቡር ጣቢያ አለ። ያ ባቡር እ.አ.አ. ከ2018 መጀመሪያ ጀምሮ መንገደኛ ስለሚያመላልስ ድሬዳዋ ደርሰን እንመለስ የሚል ሐሳብ ተነሣ። ትልቋ ልጃችን ግን «ቃል የተገባልን ደሴት ነው» አለች፤ በነገሩ ጸናች። ተመልሰን ካርታው ፊት ቆምን። ዳህላክ በአሮጌው ካርታችን ላይ የአገራችን ቀለም አላት፤ በድንጋይ ላይ በኩፊ ጽሕፈት የተቀረጹ ጥንታዊ የሙስሊም መቃብሮች ያሉባት ደሴት ናት። እ.አ.አ. ከ1993 ወዲህ ግን እርሷም ፓስፖርት ትጠይቃለች። ጣና ሩቅ ሆነብን። የልጆቹ እናት ጣቷን ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ትንሽ አውርዳ «ይኸውላችሁ» አለች። ዝዋይ።

የሐይቁ ሌላ ስም ደንበል ነው። ከተማውም ዛሬ ባቱ ይባላል። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በሐይቁ ውስጥ አምስት ደሴቶች አሉ፤ ቱሉ ጉዶ፣ ጸዴቻ፣ ፉንዱሮ፣ ደብረ ሲናና ገሊላ። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ሲሆን፣ ትርጉሙ በኦሮምኛ «ትልቅ ተራራ» ማለት ነው። ነዋሪዎቹ ዛይ ይባላሉ፤ ክርስቲያኖች ናቸው።

መንገዱን በስልክ ጠይቀን፣ ሰላም መሆኑን ካረጋገጥን በኋላ በሐምሌ አጋማሽ ማለዳ ከቃሊቲ ተሳፈርን። ሞጆን፣ ቆቃን፣ መቂን አልፈን ባቱ ስንደርስ ረፋድ ነበር። የሐይቁ ውኃ ልጆቹ በሥዕል እንዳዩት ሰማያዊ አልነበረም። በክረምት የመቂና የከታር ወንዞች አፈር ይዘው ስለሚገቡበት ሻይ በወተት ይመስላል። ከዚህ የባሰው ግን መዋኘት አለመቻሉ ነው። በዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ፤ ጥገኛው ትል በእግር ቆዳ በኩል ስለሚገባ ልጆች ውኃው ውስጥ እንዳይንቦራጨቁ መከልከል አለባቸው። ጉማሬም አለ። ወንዱ ልጃችን አዲስ የገዛነውን የዋና ቁምጣ ቦርሳው ውስጥ እንደያዘ ዳር ቆሞ አባ ኮዳዎችን በድንጋይ ሊያባርር ሲሞክር አየነው፤ ያን ጊዜስ ልባችን ተነካ።

ከጀልባው ባለቤት ጋር ተደራድረን፣ ለስድስታችንም የሕይወት አድን ጃኬት ማግኘታችንን አይተን ወጣን። አያት ቁርኣን እየቀሩ፣ ትንሿ እየሳቀች አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሄድን። ባለጀልባው ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ፣ ጥቂት የሚናገሩ የዛይ ሰው ናቸው። «ነፋሱ ከቀትር በኋላ ስለሚነሣ ብዙ አንቆይም» አሉንና ከዚያ ወዲያ ዝም አሉ።

ከማን ነው የሸሹት?

ቱሉ ጉዶ ላይ ስንወጣ መጀመሪያ ዓይናችንን የያዘው እርከኑ ነው። ደሴቱ ጠባብ፣ ተራራውም ቀጥ ያለ ስለሆነ ማሳው በድንጋይ ካብ ተደግፎ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ባለጀልባው ወደ እኅታቸው ቤት ወሰዱን። ምሳ ሊያቀርቡልን ፈለጉ፤ እኛም እንደምታውቁት በሰው ቤት ሥጋ ሲነሣ የምንጨነቀውን ያህል ተጨነቅን። አያት ቀድመው ገላገሉን፤ «አሣ አራጅ አይፈልግም፤ አሣ አብሉን» አሉ። ሴትየዋ ሳቁ። ከሐይቁ በዚያው ጧት የወጣ ቆሮሶ ፍም ላይ ተጠበሰልን። ከአንድ ገበታ ቀርበን ሁላችንም ጠገብን።

አሣው ሲጠበስ ነው ወንዱ ልጃችን ባለጀልባውን የጠየቃቸው። «አባባ፣ ለምንድን ነው ውኃ መካከል መኖር የጀመራችሁት?»

ሰውየው ወደ አያት ሻሽ አዩ፣ ወደ እኛም አዩ። «ድሮ ጦርነት ነበር። አባቶቻችን ሸሽተው ነው» ብለው ዝም አሉ።

«ከማን?»

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን አንድ ነገር መናገር አለብን። እኛ በልጅነታችን ከሱብሒ በኋላ መድረሳ፣ ከዚያ የቀለም ትምህርት ቤት የተመላለስን ነን። በመድረሳ የሰማናቸው ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም የአዳልን ሕዝብ ከንጉሥ ግብርና ከዘመቻ ያወጡ መሪ ናቸው። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በሌላው ክፍል ያነበብነው ግራኝ ደግሞ አብያተ ክርስቲያናት ያቃጠለ ወራሪ ነው። እ.አ.አ. በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ ያሸነፉት፣ በ1543 ወይና ደጋ ላይ የወደቁት አንድ ሰው መሆናቸውን እናውቃለን፤ በፈተናም ጽፈናል። ሁለቱን ታሪክ በአንድ አፍ ተናግረን ግን አናውቅም ነበር። መምህር ከሆንንም በኋላ ቢሆን የተማሪው ፊት አይተን የሚስማማውን ነው ስንሰጥ የኖርነው።

ሰውየው ለእኛ ሲሉ ዝም እንዳሉ ገባን። የእንግዳ ክብር ነበር። ስለዚህ አባትየው መለሰ፤ «ከኢማም አሕመድ ጦር ነው። ጦርነቱ እዚህ ድረስ ደርሶ ነበር፤ ክርስቲያኖቹ ነፍሳቸውን ሊያድኑ ወደ ደሴቶቹ ገቡ።»

ልጁ አሰበ። «እኛን ነው የሸሹት?»

«አንተ ያኔ የት ነበርህ?» አሉ ባለጀልባው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሳቸው ታየ። ከዚያም ነገሩን ራሳቸው ቀጠሉት። ሽማግሌዎች እንደሚያወሩት ከዚያ እጅግ ቀደም ብሎ፣ በዮዲት ዘመን ከአክሱም ታቦት ይዘው የሸሹ ካህናት ነበሩ፤ ታቦቱም በዚህ ደሴት 70 ዓመት ቆይቷል ይባላል። በኢማሙ ዘመን የመጡት በኋለኞቹ ይቆጠራሉ። «አሁንማ» አሉ አሣውን እያገላበጡ፣ «ባቱ ገበያ ደንበኞቼ ሁሉ እስላሞች ናቸው።»

ሲራ የምትማረው ትልቋ ልጃችን እስከዚያ አልተናገረችም። «እንደ ሙሃጅሮቹ ናቸው» አለች። እ.አ.አ. በ615 ከመካ ስደት ሸሽተው፣ ባሕር አቋርጠው ወደ ሐበሻ የገቡትን ሶሓቦች፣ ዑስማንንና ሩቀያን ማለቷ ነው። በየዓመቱ ክፍል ውስጥ የምንተርከውን ያን ታሪክ ከዚህ ደሴት ጋር አንድ ቀን አያይዘነው አናውቅም። ባለጀልባው ምን ማለቷ እንደሆነ ጠየቋት። ስለ ነጃሺ፣ ስለ ጀዕፈርና ስለ ቁረይሽ መልእክተኞች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻቸው፤ እኛም አላረምናትም። አሣው በአንድ ወገን ትንሽ አረረ።

ግማሹ የኛው ነው

በዚህ መካከል ሁለቱ ሴቶች ሌላ ወሬ ይዘዋል። የልጆቹ አያት ስልጤ ናቸው። ሴትየዋ ከልጃቸው ጋር በዛይኛ ሲነጋገሩ ሰምተው ጆሯቸውን አቆሙ። «ይህች ሴት የኛን ቋንቋ ነው የምትሰብረው» አሉን ቀስ ብለው። ቆይተው በጣታቸው ከአንድ እስከ አሥር እየቆጠሩ ቃል ያመሳክሩ ጀመር። እያንዳንዱ ቃል ሲገጥም አያት ጭናቸውን ይመታሉ።

ነገሩ የአጋጣሚ አይደለም። የቋንቋ ሊቃውንት ዛይኛን ከስልጥኛ፣ ከወለንኛና ከሐረሪኛ ጋር በአንድ ቤተሰብ ይመድቡታል። ቮልፍ ሌስላው የዛይኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት እ.አ.አ. በ1999 አሳትመዋል። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ከሐረር ኢማም ሠራዊት ሸሽተው ውኃ ውስጥ የገቡት ሰዎች የሚናገሩት የሐረርን ቋንቋ እኅት ነው። ሴትየዋ ግን ያሳሰባቸው ሌላ ነው። ባቱ ወርደው የተማሩት የልጅ ልጆቻቸው ኦሮምኛና አማርኛ ይቀናቸዋል፤ በዛይኛ ሲጠሯቸው በአማርኛ ነው «አቤት» የሚሏቸው። አያት ይህን ሲሰሙ ወደ ሦስቱ ልጆቻችን ዞሩ። ስልጥኛ የሚችል ከመካከላቸው አንድም የለም፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳይናገሩ እኛን አዩን።

ዙህር ሲደርስ ባለጀልባው ሾላ ሥር ጠርገው ሰሌን አነጠፉልን። ጉዞው አብዛኞቹ ዑለማእ ለመንገደኛ ከሚያስቀምጡት 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት እጥፍ ስለሆነ ዙህርንና ዐስርን አሳጥረን አንድ ላይ ሰገድን። ወንዱ ልጃችን በዛንዚባር ምኞት ዘመን በአሮጌው ካርታ ላይ ማስመሪያ አስቀምጦ ዛንዚባር፣ ለቡና መካ ከሞላ ጎደል በአንድ መስመር ላይ እንደሚውሉ አግኝቶ ነበር። ዝዋይም በዚያው መስመር ላይ ነው። ስለዚህ ቂብላችን ሰሜን፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ነበር። «ወደ ቤታችን ዞረን ነው የምንሰግደው» አለ ለእኅቱ። ሴትየዋ ትንሿን ልጃችንን ዕቅፍ አድርገው እስክንጨርስ ዝም አሰኟት።

ነፋሱ እንደተባለው ተነሣ። በመልሱ ጉዞ ማዕበሉ ጀልባውን ሲያነሣ ሲጥል ሁላችንም ረጠብን፤ አያት ላኢላሃ ኢለላህ እያሉ ጃኬታቸውን እንደ ሕፃን አቀፉት። ወንዱ ልጃችን ፊቱ ላይ የተረጨውን ውኃ እየጠረገ «ባሕርም እንዲህ ነው?» ሲል ጠየቀ። ባለጀልባው ባሕር አይተው እንደማያውቁ ነገሩት።

ባቱ አንድ ሌሊት አድረን ተመለስን። የእቁቡ ብር ግማሹም አልተነካም። ፓስፖርቶቹ ትምህርት ከተጀመረ በኋላ፣ በመስከረም ደረሱ፤ ትልቋ ሦስቱንም ገልጣ የአያቷን ስም በጣቷ ተከትላ አነበበች፤ አንድ ዓይነት ናቸው። አሁን ከልደት ወረቀቶቹ ጋር ሣጥን ውስጥ ተቀምጠዋል። የዛንዚባሩ ነገር ለሚቀጥለው ክረምት፣ ኢንሻአላህ፣ ይታያል። የልጆቹ አያት ግን ለሴትየዋ ቆጮ ይዤ እመጣለሁ ብለው ቃል ስለገቡ፣ ባቱ የሚሄድ ሰው ካለ በየጁምዓው ይጠይቃሉ።