ዞን ሲከፈል ሂሳቡ ወዴት ይሄዳል?

ሰኔ 30 በጀት ይዘጋል። በጋሞ ዞን ላሉት የጨንቻም ሆነ የከምባ ወረዳ የፋይናንስ ሠራተኞች ግን ሥራው የሚበረታው ሐምሌ ከገባ በኋላ ነው። የንብረት ገቢ ደረሰኙ (ሞዴል 19) ከክፍያ ሰነዱ ጋር መያያዙ ይታያል፣ የወጪ መደቡ ኮድ ይመሳከራል፣ ተሰብሳቢና ተከፋይ ሂሳብ ይለያል። ይህን ሥራ ከወረቀት መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ያሻገረው አይቤክስ የተባለው የበጀትና የወጪ ሥርዓት ነው።

አይቤክስ የተወለደው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው ስቲፈን ፒተርሰን በመሩትና የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት በደገፈው፣ 12 ዓመት ገደማ በፈጀ የፋይናንስ ማሻሻያ ውስጥ ነው። በእኔ እምነት የጠቀመው ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ የበጀት አዘገጃጀቱና የሂሳብ አያያዙ ተስተካከለ፤ ዴቢትና ክሬዲት ለወረዳ ሠራተኛ በሥልጠና ተዳረሰ፤ ኮምፒውተሩ ከዚያ ተከተለ። መብራትና ኔትወርክ ለሚቆራረጥባቸው አካባቢዎችም በአንድ ኮምፒውተር ላይ ለብቻው የሚሠራ ቅጂ ነበረው።

ለዚህ ሥርዓት ከባዱ ፈተና የመጣው ከመዋቅር ለውጥ ነው። ሰሜን ኦሞ ዞን በ1993 ዓ.ም. ፈርሶ ጋሞ ጎፋ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። በ2011 ዓ.ም. ጋሞና ጎፋ ተለያዩ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ሁለቱን ዞኖች ያቀፈው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ። ዞን ሲከፈል ሠራተኛና መኪና ተቆጥሮ ይከፋፈላል። የሂሳቡ ነገር ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። የመሥሪያ ቤት ኮድ ይለወጣል። ካለፈው ዓመት የዞረው ቀሪ ሂሳብ በማን ስም እንደሚከፈት መወሰን አለበት። ዕዳውን የሚረከብ፣ ያልተወራረደ ቅድመ ክፍያን የሚያስመልስ ሰው ያስፈልጋል። ይህንን ፕሮግራም የሚጽፍ ባለሙያ ሊወስነው አይችልም፤ መዋቅሩ ሲጸድቅ የፋይናንስ ኃላፊው አብሮ ሊፈርምበት ይገባል። ጉዳዩ ብዙ ጊዜ ወደ አይሲቲ ክፍል መገፋቱ ያሳዝነኛል። ክፍሉ ማሽን ይጠግናል እንጂ ዕዳ የማከፋፈል ሥልጣን የለውም።

የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በኦራክል ላይ ወደተገነባው ኢፍሚስ የተባለ የፋይናንስ ሥርዓት መዞር ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። አዲስ ሥርዓት ወደ ጋሞ ወረዳዎች በመጣ ቁጥር፣ የአሮጌው ቀሪ ሂሳብ ሳይመሳከር ወደ አዲሱ እንዳይገለበጥ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ለዚህ ማመሳከር የሚያግዝ አቅም ቅርብ ነው፤ አርባ ምንጭ ከተማ ውስጥ በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተጀመረ ዩኒቨርሲቲ አለ። የኮምፒውተርና የአካውንቲንግ ተማሪዎቹ በሐምሌ ከወረዳ ሂሳብ ሠራተኞች ጎን ቢቀመጡ፣ ሁለቱ ሥርዓቶች ጎን ለጎን በሚሠሩባቸው ወራት የሚታየውን ልዩነት አንድ በአንድ ማጣራት ይቻላል።