የሻገተ የወጥ ቤት ዕቃ በጭስ ብቻ አይጸዳም

በየካ ክፍለ ከተማና በእንጦጦ ተዳፋት ባሉ መንደሮች የክረምት እርጥበት የወጥ ቤት ዕቃን እንደሚያሻግት የታወቀ ነው። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ስለሚደርስ ብርድና ጉም ይበዛበታል። ታጥቦ ሳይደርቅ የተከደነ እንስራ በጥቂት ቀን ውስጥ የታፈነ ሽታ ያመጣል፤ ሞሰብም ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ያወጣል።

ይህ በሚሆንበት ጊዜ ብዙዎቻችን ወይራ ለኩሰን ዕቃውን ማጠን ይቀናናል። ማጠን ጥሩ ልማድ ነው፤ ይሁን እንጂ ያልታጠበና ያልደረቀ ዕቃ ሲታጠን ጭሱ ሽታውን ይሸፍነዋል እንጂ ሻጋታውን አይነቅለውም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት፦ ማራገፍ፣ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ በመጨረሻም ማጠን።

ሻጋታ ምን ጉዳት ያመጣል?

ሻጋታ እርጥበትና የምግብ ትራፊ ባለበት የሚያድግ ሕይወት ያለው ነገር ነው። በሸክላ፣ በእንጨትና በስፌት ቀዳዳዎች ውስጥ ይደበቃል። አንዳንዱ ዓይነት አፍላቶክሲንን የመሰለ መርዝ ያመነጫል፤ ይህም መርዝ በተራ ማብሰል አይጠፋም። በመሆኑም የሻገተ እንጀራ ፍቆ መብላት አይገባም።

ወተት ለሚሰበስቡ ማኅበራት ነገሩ የበለጠ ይከብዳል። የአንድ አባል ያልጸዳ ዕቃ የሁሉንም ወተት ሊያበላሽ ይችላል። ዕቃ ማጽዳት ግን ብቻውን አይበቃም። በ2008 ዓ.ም. በታተመ ጥናት ከአዲስ አበባና አካባቢዋ ከተወሰዱ 110 የወተት ናሙናዎች ውስጥ በ29ኙ የአፍላቶክሲኑ መጠን በሊትር ከ0.5 ማይክሮ ግራም በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ መርዝ ወደ ወተት የሚገባው ላሟ በበላችው የሻገተ መኖ፣ በተለይም በኑግ ፋጉሎ አማካይነት ነው።

አሠራሩ

1ኛ. ማራገፍ፦ ዕቃውን ወደ ውጭ አውጥቶ፣ አፍና አፍንጫን በጨርቅ ሸፍኖ ዱቄቱን በደረቅ ብሩሽ ማራገፍ። አስም ያለበት ሰው ይህን ሥራ ባይሠራ ይመረጣል።

2ኛ. ማጠብ፦

ሀ/ ጋን፣ እንስራና የሸክላ ድስት፦ ለብ ያለ ውሃ ሞልቶ ማሳደር። በቀዝቃዛ ሸክላ ላይ የፈላ ውሃ አይደፋም፤ ይሰነጠቃል። በማግሥቱ በግራዋ ቅጠልና በጨው ፈትጎ፣ ምሬቱ እስኪለቅ ደጋግሞ ማለቅለቅ። ሸክላ ሽታ ስለሚመጥ የዱቄት ሳሙና አይመከርም።

ለ/ ገበቴ፣ መክተፊያና ማማሰያ፦ ፍቆ በፈላ ውሃ ማጠብ። ስንጥቁ ውስጥ የጠቆረው ካልለቀቀ ለምግብ ሥራ አይዋል።

ሐ/ ሞሰብና ሰፌድ፦ ስንደዶና አክርማ ውሃ ከጠጡ ቶሎ አይደርቁም፤ አይዘፈዘፉም። አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅሎ፣ በዚያ የራሰውን ጨርቅ በደንብ ጨምቆ መወልወል ይበቃል።

መ/ የፕላስቲክ ዕቃ፦ በሳሙና ከታጠበ በኋላ በ4 ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ በረኪና ጨምሮ 10 ደቂቃ ዘፍዝፎ በደንብ ማለቅለቅ። በረኪናና አቼቶ ፈጽሞ አይቀላቀሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ይጎዳል። ውስጡ የተጫጫረ ጀሪካን ለወተት አይሁን።

3ኛ. ማድረቅ፦ ዋናው ሥራ ይህ ነው። ዕቃውን ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ አፉን ወደ ታች ደፍቶ፣ ነፋስና ፀሐይ በሚያገኝበት ቦታ እስኪደርቅ ማቆየት። ፀሐይ ከጠፋች ምግብ ከተበሰለ በኋላ በምድጃው ሙቀት አጠገብ ማኖር። መድረቁን ለማረጋገጥ ከድኖ ማሳደርና ጠዋት ከፍቶ ማሽተት ነው። ሽታው ካለ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል።

4ኛ. ማጠን፦ ለወተት ዕቃ ወይራ፣ ለጠላ ጋን ወይራ ወይም ጥንጁት ይስማማል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገብቶ እንጦጦን የሸፈነው ባሕር ዛፍ በቅርብ ቢገኝም ሽታው ወደ ወተቱና ወደ ጠላው ስለሚገባ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ለወይራም ቢሆን የደረቀ ቅርንጫፍ ይበቃል፤ ዛፉ አይቆረጥ።

እንዳይመለስ

ትኩስ እንጀራ በሞሰብ ውስጥ ሲከደን እንፋሎቱ ወደ ስፌቱ ይገባል። በሰፌድ ላይ በርዶ ይግባ። ባዶ ሞሰብና እንስራ ተከድነው አይቀመጡ፤ ዕቃም ከእርጥብ ግድግዳ ይራቅ።

ለልማት ሠራተኞች

ይህን በቃል ብቻ ከማስተማር በማኅበሩ ግቢ ማሳየት ይሻላል። ሁለት የሻገቱ እንስራዎች ይቅረቡ። አንዱ እንዳለ ይታጠን፤ ሁለተኛው ታጥቦና ደርቆ ይታጠን። በሁለቱም ንጹሕ ውሃ ይሞላና ይደር። ጠዋት አባላቱ ራሳቸው አሽተው ይፍረዱ፤ ውሃው ግን አይጠጣ። እኛ ከምንናገረው ይልቅ በአፍንጫቸው የለዩት ቤታቸው ድረስ ይከተላቸዋል።