በሳይንስ ቪዲዮ እንግሊዝኛ ለምትማሩ፦ መድኃኒታችሁን አታቋርጡ

ዛሬ ያየሁትን ሳልጽፍ እንቅልፍ አይወስደኝም። የምሠራው ላብራቶሪ ውስጥ ነው። የጉበት ቫይረስ (ሄፓታይተስ ቢ) ያለበት፣ ቴኖፎቪር ሲወስድ የቆየ ወጣት የጉበት ምርመራ ታዞለት መጣ። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ሰፈር ውስጥ «የወፍ በሽታ ነው» ብለው ሥር በጥብጠው አጠጥተውታል። የጉበት ጉዳትን የሚያሳየው ኢንዛይም፣ ኤኤልቲው፣ ከጤነኛው ጣሪያ ሃያ እጥፍ አልፏል። መድኃኒቱን ትወስዳለህ ወይ ስለው ስልኩን አወጣና አንድ ክሊፕ አሳየኝ። በሳይንስ ቪዲዮ እንግሊዝኛ የሚያስተምር የቴሌግራም ቻናል ነው። ስለ ቫይረስ ከሚያስረዳ ረጅም ቪዲዮ ላይ ጥቂት ሰከንድ ተቆርጦ፣ ከሥሩ በደማቁ «አንዲቴክተብል = የጠፋ» ተብሎ ተጽፏል። ልጁ ቀደም ሲል ያሠራው የቫይራል ሎድ (በደም ውስጥ ያለ የቫይረስ መጠን) ውጤት ላይ «ኖት ዲቴክትድ» የሚል ስላለ ሁለቱን አገናኛቸው። ድኛለሁ ብሎ ክኒኑን ተወ።

ልጁን የምወቅስበት ምክንያት የለኝም። ማንም ሳያግዘው ቋንቋ የሚማር ሰው ነው። ያናደደኝ ያንን ጽሑፍ ለጥፎ በሺዎች ለሚቆጠር ሰው የሚልከው ነው።

በሳይንስ ቪዲዮ እንግሊዝኛ መማር ጥሩ ነው፤ ለተለማማጅ ተማሪዎቻችንም እመክራለሁ። ሥዕል አለው፣ ያው ቃል እየደጋገመ ይመጣል፣ ተናጋሪውም ለማስረዳት ብሎ ረጋ ይላል። ነገር ግን ቪዲዮው ስለ ሰው ሕመም ከሆነ እንዲህ አድርጉ፦

1. ቃሉን ከቫይረሱ ስም ጋር ያዙት። «አንዲቴክተብል» ማለት በዚህ ምርመራ፣ በዚህ ደም ውስጥ አልተገኘም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ትርጉም እንደ ቫይረሱ ይለያያል። ሄፓታይተስ ሲ የነበረበት ሰው ሕክምናውን ጨርሶ ከ12 ሳምንት በኋላ ቫይረሱ በደሙ ካልተገኘ ድኗል ይባላል። ኤችአይቪ ያለበት ሰው መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ ቫይረሱ የማይታይ ከሆነና እንደዚያው ከቆየ በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም፤ መድኃኒቱን ሲያቆም ግን ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ቫይረሱ ይመለሳል። ሄፓታይተስ ቢ ደግሞ በጉበት ሕዋስ ኒውክለስ ውስጥ ክብ ቅርጽ ያለው ዲኤንኤ ያስቀምጣል። ቴኖፎቪር አዲስ ቫይረስ እንዳይመረት ያግዳል እንጂ ያንን ዲኤንኤ አያወጣውም። የእኛ ማሽን የሚያየው ደሙን ነው፣ ያውም ከተወሰነ መጠን በላይ ሲኖር ብቻ። ክኒኑ ሲቆም ምርቱ እንደገና ይጀምራል፤ የሰውነት መከላከያ በድንገት ሲነሳበት ጉበቱ አብሮ ይመታል። በዚህ የሚሞት ሰው አለ። መድኃኒቱ የሚቆምበት ሁኔታ የለም አላልኩም፤ የሚወስነው ግን ሐኪም ነው፣ ካቆመም በኋላ ክትትል አለው።

2. ትንንሾቹን ቃላት አትዝለሉ። ሰው ሁሉ «አንቲቦዲ»፣ «አንቲጅን»፣ «ሚውቴሽን» እያለ ይሸመድዳል። ዓረፍተ ነገሩን የተሸከሙት ግን «ሜይ» (ሊሆን ይችላል)፣ «ሊንክድ ቱ» (ጋር የተያያዘ)፣ «አፕ ቱ» (እስከ)፣ «ኢን ሰም ፒፕል» (በአንዳንድ ሰዎች) ናቸው። ክሊፕ ቆራጮቹ መጀመሪያ የሚጥሉትም እነዚህን ነው።

ምሳሌ ልስጥ። በ2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ከ10 ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ወታደሮችን መረጃ የተከተለ ጥናት ወጣ። ኤፕስታይን ባር በሚባለው ቫይረስ ከተያዙ በኋላ መልቲፕል ስክለሮሲስ በተባለው የነርቭ ሕመም የመያዝ ዕድል 32 እጥፍ እንደሚጨምር አሳየ። ትልቅ ግኝት ነው። ይሁን እንጂ ከ10 አዋቂ ሰዎች 9 የሚሆኑት ይሄው ቫይረስ በሰውነታቸው አለ፤ በዚያ ሕመም የሚያዙት ደግሞ እጅግ ጥቂት ናቸው። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ቆርጣችሁ የመጀመሪያውን ብቻ ብትለጥፉ የተናገራችሁት ውሸት ነው፣ የተጠቀማችሁት ቃል ሁሉ ትክክል ቢሆንም።

ሎንግ ኮቪድም ላይ ያው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በጥቅምት 2021 እንደ አውሮፓውያኑ ያወጣው ትርጓሜ ብዙውን ጊዜ ከኮቪድ 3 ወር በኋላ የሚታይ፣ ቢያንስ 2 ወር የሚቆይ ምልክት ይላልና «በሌላ ምርመራ ሊብራራ የማይችል» ብሎ ይዘጋል። መዝጊያዋ ሐረግ የትኛውም ክሊፕ ላይ አልደረሰችኝም። በእኛ አገር ደግሞ ሕይወት የምታተርፈው እሷ ናት። ድካም፣ ሳልና የሌሊት ላብ ያለበት ሰው «ሎንግ ኮቪድ ነው፣ መድኃኒት የለውም» ብሎ ቤቱ ሲቀመጥ ቲቢው እየሠራ ነው። ቲቢ መድኃኒት አለው፤ ለዚያውም በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ። የቻናል አድሚኖች፣ እባካችሁ ሰው ደረቱን ይዞ የሚያነበውን ነገር እየለጠፋችሁ መሆኑን እወቁ። ሙሉውን ቪዲዮ ማያያዝ ምን ይከብዳል? ስለ ሕመም ሲሆን አንድ ነርስ ወይም አንድ የጤና መኮንን አይቶ ይለፍ ማለትስ?

3. «ክሮኒክ» ቆይታን ነው የሚናገረው። ሄፓታይተስ ቢ ከ6 ወር በላይ ከቆየ ክሮኒክ ይባላል፣ በቃ። «የከፋ» ወይም «የመጨረሻ ደረጃ» ብለው የተረጎሙትን አይቻለሁ። በወሊድ ጊዜ ከተያዙ ሕፃናት 90 በመቶ ያህሉ ክሮኒክ ይሆናሉ፤ በአዋቂነት ከተያዙት ግን ከ5 በመቶ በታች ናቸው።

«ሌተንት» የሚለውን ደግሞ ከአልማዝ ባለ ጭራ ጋር ያዙት፣ አይጠፋችሁም። በልጅነት ቺክን ፖክስ ያመጣው ቫይረስ በነርቭ ሥር ተደብቆ ይቆይና አቅም ሲደክም ከብዙ ዓመት በኋላ በአንድ ጎን ወገብ ላይ ይወጣል።

ስለ ቻናሎቹ ብቻ ብናገር ግን አድልዎ ይሆናል። ልጁ ወደ ክሊፕ የሄደው እኛ ስላልነገርነው ነው። ወረቀቱን ስንሰጠው ከላይ እስከ ታች እንግሊዝኛ ነው። ከዚህ በፊት በሠራሁበት ቦታ፣ ከቫይራል ሎዱ ውጤት ሥር «ይህ ውጤት መድኃኒት ማቆም ይቻላል ማለት አይደለም» የሚል አንድ መስመር በአማርኛ ይግባ ብዬ ጠይቄ ነበር። ፎርማቱ ከላይ የመጣ ነው፣ አይነካም ተባልኩ። ለሎጎ ማሻሻያ የሚነካ ፎርማት ለበሽተኛ አይነካም! ወደ ገልፍ አገሮች ለሥራ ሊሄዱ ሲመረመሩ የሄፓታይተስ ቢ ሰርፌስ አንቲጅን የተገኘባቸው እህቶቻችን «አንፊት» የሚል ወረቀት ይዘው ይወጣሉ። ቪዛው እንደቀረ ያውቃሉ፤ ምን እንደተገኘባቸው፣ የት ሄደው ክትትል እንደሚጀምሩ፣ እቤት ያሉት ልጆቻቸው መመርመርና መከተብ እንዳለባቸው የሚነግራቸው የለም። ሄፓታይተስ ቢን ጭምር የሚከላከለው የፔንታቫለንት ክትባት በአገራችን ከ2007 ጀምሮ (እንደ አውሮፓውያኑ) በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል፤ ከዚያ በፊት የተወለደው ትውልድ ነው አሁን ቪዛ የሚጠይቀው።

ሄፓታይተስ ቢ ኖሮባችሁ ክኒኑን በራሳችሁ ያቆማችሁ ካላችሁ፣ ባይሰማችሁም ነገ ወደምትከታተሉበት ቦታ ሂዱ። ካቆማችሁ ስንት ጊዜ እንደሆነ ሳትደብቁ ለሐኪሙ ንገሩት። ኤኤልቲ፣ ቢሊሩቢንና ቫይራል ሎድ ያዝላችኋል፤ ለእነዚህ ባዶ ሆድ መምጣት አያስፈልግም። ሥርና ቅጠል አትጠጡ። ወረቀቱ ላይ ያልገባችሁ ቃል ካለ እዚያው መስኮቱ ላይ ጠይቁን፣ ወረፋ ቢኖርም ጠይቁን።