አንቲባዮቲክ ይታዘዝ ወይስ ይቅር? መልሱ በ15 ደቂቃ

«ኩፓት ሆሊም ድረስ ሄጄ ዶክተሩ አንቲባዮቲክ ሳያዝልኝ መለሰኝ» የሚል ቅሬታ ጉንፋንና ሳል በሚበረታበት ወቅት የተለመደ ነው። ዶክተሩ ግን ያለ ምክንያት አይደለም። አንቲባዮቲክ የሚገድለው ባክቴሪያን ነው፤ ቫይረስን አይነካውም። ትኩሳቱ ከየትኛው እንደመጣ ደግሞ በዓይን አይቶ መለየት ይከብዳል። ሽንት ወይም ደም ላቦራቶሪ ተልኮ ውጤቱ እስኪመጣ ሁለት ሦስት ቀን ያልፋል። ለአረጋውያን ይህ ረጅም ጊዜ ስለሆነ ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ በግምት ይታዘዛል።

ይህን ግምት ለማስቀረት ከሚሠሩት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2009 የተቋቋመው የእስራኤሉ ሚሜድ ኩባንያ ነው። ምርመራው ባክቴሪያውን ራሱን አይፈልግም፤ ሰውነት ለበሽታው የሰጠውን ምላሽ ነው የሚያየው። በደም ውስጥ ሦስት ፕሮቲኖችን ይለካል። አንደኛው በቫይረስ ጊዜ ከፍ፣ በባክቴሪያ ጊዜ ዝቅ ይላል፤ ሌላው በባክቴሪያ ጊዜ ይጨምራል። በ15 ደቂቃ ገደማ ከ0 እስከ 100 ነጥብ ይሰጣል፤ ከፍተኛው ወደ ባክቴሪያ፣ ዝቅተኛው ወደ ቫይረስ ያመለክታል። ነጥቡ መሃል ላይ ከሆነ ግን ዶክተሩ ሌላ ምርመራ መጨመር አለበት። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2021 ፈቅዶታል።

የትኛው መድኃኒት እንደሚያድን ማወቅ ሌላ ጥያቄ ነው። በስዊድን የተሠራ መሣሪያ በጥቂት ሽንት ባክቴሪያ መኖሩን በ15 ደቂቃ፣ የሚሠራውን አንቲባዮቲክ ደግሞ በ45 ደቂቃ ውስጥ ይለያል። በዚህም በ2024 በብሪታንያ የ8 ሚሊዮን ፓውንድ ሽልማት አግኝቷል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ያለ ቦታው የተወሰደ አንቲባዮቲክ ባክቴሪያውን ያለማምደዋል፤ በእውነት ሲያስፈልግ መድኃኒቱ አይሠራም። በ2019 ብቻ በዓለም 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሞተዋል።

ስለዚህ አባቶችና እናቶች «አንቲባዮቲክ ስጠኝ» ከማለት «ባክቴሪያ ነው ወይስ ቫይረስ? ፈጣን ምርመራ አለ ወይ?» ብለው ቢጠይቁ ይሻላል። ለጉሮሮ ሕመም በደቂቃዎች ውጤት የሚሰጥ ምርመራ ከአሥርት ዓመታት በፊት ጀምሮ አለ። ከጎረቤት የተረፈ ኪኒን መዋጥ ግን አይገባም። ብርድ ብርድ የሚል ከባድ ትኩሳት፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ድንገተኛ መዘባረቅ ከታየ ደግሞ ቀን መቁጠር አያስፈልግም፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትምና ወዲያው ወደ ሕክምና መሄድ ነው።