«ሩጫ ደግሞ ምን ትምህርት አለው?»

ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ ወጣቶች ይወጣሉ፤ ይወርዳሉ። ሰዓት ይዛ «በርቱ! ትከሻችሁን ፍቱት!» የምትላቸው ወጣት የካዛንቺስ ልጅ ስትሆን፣ የስፖርት ሳይንስና የአሠልጣኝነት ትምህርት ተማሪ ናት።

እናቷ ያሳደጓት ቡና እያፈሉ በመሸጥ ነው። የትምህርቱን ዓይነት በሰሙ ጊዜ ግን አልተደሰቱም። «ነርስ ትሆንልኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ሩጫ ደግሞ ምን ትምህርት አለው? አበበ ቢቂላ ኮሌጅ ገብቶ ነው ወይ ያሸነፈው? አልኳት» ሲሉ አጫውተውናል።

የእኚህ እናት ጥያቄ የብዙ ወላጆች ጥያቄ ነው። መልሱም ከዚያው ከአበበ ታሪክ ይገኛል። በ1952 ዓ.ም. በሮም ማራቶንን በባዶ እግሩ ያሸነፈውን ጀግና ያሠለጠኑት ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነበሩ። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳልያ ያገኘችው ደራርቱ ቱሉና በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ የማራቶን ባለድል የሆነችው ፋጡማ ሮባም ጀማሪዎች ሳሉ በበቆጂው የስፖርት መምህር በስንታየሁ እሸቱ እጅ አልፈዋል።

ታዲያ ተማሪዋ ምን ትማራለች? የሰውነትን አሠራር፣ የልብንና የሳንባን ሥራ፣ የልምምድንና የዕረፍትን ልክ፣ አመጋገብንና የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታን ነው። ትምህርቱ በክፍል ብቻ አይወሰንም። ወጣቶችን ወደ እንጦጦ ይዛ ስትወጣ አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ ፍጥነታቸውን መቀነስ፣ ውኃና ልብስ ማስያዝ፣ የተጎዳውን ሳያባብሱ ማውረድ ይጠበቅባታል።

ከሁሉ በላይ ለሴት ልጅ የሚጠቅም ዕውቀት አለበት። ብዙ እየሮጠች ጥቂት የምትበላ ልጅ የወር አበባዋ ሊቋረጥ ይችላል። አንዳንዶች ይህን የጥንካሬ ምልክት ያደርጉታል። ነገሩ ግን ሰውነት በቂ ምግብ እንዳላገኘ ሊያመለክት ይችላል፤ ቸል ከተባለም አጥንት ይሳሳል፣ ይሰበራልም። ይህን ጉዳይ ለወንድ አሠልጣኝ ደፍራ የምትናገር ልጅ ጥቂት ናት።

እናትየዋን ያሳመናቸውም ይኸው ነው። «የጎረቤት ልጅ መጥታ፣ ለወለደቻት እናት ያልነገረችውን ለልጄ ስትነግራት ሰማሁ። ሦስት ወር ቀርቶባት ኖሯል። ልጄ ሳትቆጣት ልምምዷን አስቆመቻት፤ እናቷንም አስጠርታ ወደ ጤና ጣቢያ ላከቻቸው። ያን ዕለት ትምህርቱ ምን እንደሆነ ገባኝ» ይላሉ።

በሙያው ሴቶች ጥቂቶች ቢሆኑም መንገዱ ዝግ አይደለም። መሠረት ማኒ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 የድሬዳዋ ከተማን የወንዶች እግር ኳስ ቡድን እስከ ማሠልጠን ደርሳለች።

እርግጥ ነው፣ ዲፕሎማ ብቻውን እንጀራ አይሆንም። ተመራቂዋ በትምህርት ቤት፣ በክለብ ወይም በስፖርት ማዘውተሪያ ሥራ እስክታገኝ መታገሥ ይኖርባታል። ስለዚህ እናቶች፣ ልጃችሁ ይህን ሙያ ስትመርጥ ከመቆጣታችሁ በፊት ምን እንደምትማር ጠይቋት። የምትሮጥ ልጅ ካለቻችሁም ማን እንደሚያሠለጥናት እወቁ፤ ቁርሷን ሳትበላ አትስደዷት፤ ስለ ወር አበባዋም ያለ ሃፍረት አነጋግሯት። የነገዋን ባለድል የምታበቃት፣ ዛሬ በደረጃው ላይ ሰዓት ይዛ የቆመችው ልጅ ልትሆን ትችላለች።