እሳት አደጋ እስኪደርስ

አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ፣ ባጃጁ ሁሉ ተጠጋግቶ በቆመበት የሥራ መውጫ ሰዓት የእሳት አደጋ መኪና ሳይረኑን እያስጮኸ መጣ። መንገድ ሊለቅለት የፈለገ ሰው እንኳ መጠጊያ አጣ። የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሾፌር አንገቱን አውጥቶ አየና «ቢደርስም አመዱን ነው የሚያጥበው» አለ። ንግግሩ ከአእምሮዬ አልጠፋ አለ። ከሞጆ እስከ መተሐራ፣ ከመቂ እስከ ሻሸመኔ በተዘረጉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች እሳት ቢነሳ ማን ይደርሳል? በምንስ ያጠፋዋል?

አካባቢው እሳትን መግራት ያውቃል። የወንጂ ፋብሪካ ስኳር ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው፤ በዚያ አገዳው ከመቆረጡ በፊት ቅጠሉ በእሳት ይለበለባል። ማሳው በመንገድና በቦይ ተከፋፍሏል፤ ነፋሱ ታይቶ ነው የሚለኮሰው። እሳቱ ከመነሳቱ በፊት የሚቆምበት ድንበር ተበጅቶለታል። ከተሞቻችን ያደጉት ግን በተቃራኒው ነው። ሱቅ ከሱቅ፣ መጋዘን ከመኖሪያ ቤት ተጣብቆ፣ መተላለፊያው በሸራና በዕቃ ተዘግቶ ይውላል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል የዋና ከተማዋ የእሳት አደጋ ሠራተኞች እንኳ በመንገዱ ጥበት ተቸግረዋል። ሸማ ተራን የሚመስል ገበያ በስምጥ ሸለቆ ከተሞችም አለ።

በዚህ ላይ የጅቡቲው መንገድ አለ። ብዙው የአገሪቱ ነዳጅ በመተሐራ፣ በወለንጪቲና በአዳማ አቋርጦ ነው የሚያልፈው። አንድ ተሳቢ ቦቴ ከ40,000 ሊትር በላይ ይጭናል። ቤንዚን ውሃ ላይ ስለሚንሳፈፍ ውሃ ቢረጩበት ውሃው እሳቱን ይዞ ይሄዳል እንጂ አያጠፋውም። የሚያጠፋው አረፋ ነው፤ አረፋ ደግሞ አስቀድሞ ተገዝቶ መቀመጥ አለበት።

ከአዳማ ወዲያ ባለች ትንሽ ከተማ ዕድሜያቸውን በእሳት አደጋ ሥራ የጨረሱ አባት አገኘሁ። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም። «ልጄ፣ ሰው መጀመሪያ ለዘመዱ ይደውላል፤ ቀጥሎ ለፖሊስ። እኛ ጋ ሲደርስ ጣሪያው ወርዷል» አሉኝ። «ቤቱ የት ነው ስንል ‹ከመስጊዱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር› ይሉናል። በሌሊት ሰማያዊ በር ማን ያያል?»

ሠራተኞቹ እንደደረሱ የመጀመሪያው ሥራ መብራት ማስቆረጥ ነው። ኤሌክትሪክ ባለበት ቤት ውሃ መርጨት ራስን መግደል ነው። ከዚያ ፓምፑን አንዱ ይይዛል፣ ሁለቱ ቱቦውን ይዘው ይገባሉ፣ አለቃው ሰው ውስጥ መኖሩን ይጠይቃል። 5,000 ሊትር የያዘ መኪና በደቂቃ 1,000 ሊትር ከረጨ በአምስት ደቂቃ ባዶውን ይቀራል። እኚህ አባት ከሁሉ የሚፈሩት ያችን ሰዓት ነው። «ውሃው ሲያልቅ ሕዝቡ ድንጋይ ያነሳል። ልንቀዳ ነው የምንሄደው። መኪናው ዞሮ ሲሄድ ያየ ሰው ግን ሸሹ ይላል። ቤቱ እየነደደ እንዴት አይልም? እኔም ብሆን እል ነበር።»

ተጨማሪ ውሃ የሚመጣው በትውውቅ ነው። ከአበባ እርሻ፣ ከመንገድ ሥራ ካምፕ፣ ከጎረቤት ከተማ ቦቴ ይለመናል። «ስልኬ ውስጥ የቦቴ ሾፌሮች ቁጥር ከልጆቼ ቁጥር ይበልጣል» አሉኝ። ይህን ልመና የሚተካ የጽሑፍ ስምምነት አለ ወይ ብዬ የከተማዋን ኃላፊ ጠየቅሁ። በደብዳቤ እንዳቀርብ ነገሩኝ፤ አቀረብኩ፤ መልስ አልሰጡኝም።

ትንሽ ከተማ ሁሉንም በደመወዝተኛ ብቻ አትችልም። በ1736 እ.ኤ.አ. ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ጓደኞቹ ፊላዴልፊያ ውስጥ የጎረቤታሞች የእሳት ማኅበር አቋቋሙ፤ እያንዳንዱ አባል የቆዳ ባልዲና ዕቃ ማውጫ ከረጢት ነበረው። ቺሊ ውስጥ ከ1851 እ.ኤ.አ. የቫልፓራይሶ ማኅበር ጀምሮ እሳት የሚያጠፉት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እኛም ዘንድ የባሌ ደን በ1992 ዓ.ም.፣ ሰሜን ተራሮች ደግሞ በ2011 ዓ.ም. ሲቃጠሉ የውጭ ባለሙያዎች መጥተዋል። ከእነሱ በፊት ቅጠል ይዞ እሳቱ ፊት የቆመው ግን የአገሬው ገበሬ ነው።

በዚያ ላይ እድር አለን። ጥሩምባው ሰፈሩን በሌሊት ይቀሰቅሳል፤ አባሉ ማን የት እንደሚኖር፣ በየትኛው ቤት አልጋ የያዘ አዛውንት እንዳለ ያውቃል። ያን ሰማያዊ በር በጨለማ የሚያገኘው እድርተኛው ነው።

አደጋው ደግሞ እሳት ብቻ አይደለም። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. በዚሁ ስምጥ ሸለቆ፣ በፈንታሌ አካባቢ፣ መጠኑ 5.7 ገደማ የሆነ ርዕደ መሬት ተከሰተ። በዚያ ሰሞን በተደጋገመው መንቀጥቀጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቀዋል። ስለዚህ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነገ ፍርስራሽ ሥር ያለ ሰው ማውጣትም ይጠበቅበታል።

በዚህ መስመር ያሉ ከተማ አስተዳደሮች የውሃ ቦቴና አረፋ የሚዋዋሱበትን ውል ዛሬውኑ ይፈራረሙ። በየገበያው አጠገብ የውሃ መቅጃ ይተከል፤ እድሮች በየዓመቱ ሥልጠና ያግኙ። አንባቢም የከተማዎን የእሳት አደጋ ስልክ ቁጥር ይመዝግቡ፤ ከዘመድዎ በፊት የሚደውሉት ወደዚያ ይሁን።