ከአራት የሚጀምር ቆጠራ

የስኳር፣ የቢራ ወይም የሲሚንቶ ፋብሪካ የጎበኘ ሰው ከኮንትሮል ሩም ሲወጣ የሚያወራው ስለ ስክሪኖቹ ነው፤ በቀለም ስለሚሞሉት ታንከሮች፣ ብልጭ ድርግም ስለሚሉት ቀይ መብራቶች። ከፓነሉ ጀርባ ዞሮ፣ በኬብል ትሪ ላይ ተጋድመው ወደ ማሽኖቹ የሚሄዱትን ጥንድ ቀጫጭን ሽቦዎች የሚያይ የለም። እኔ ግን የዚህን ሙያ ብልሃት አሳዩኝ ብባል የምጠቁመው እነሱን ነው።

መሠረቱን ቶሎ እንለፈው። ሴንሰር ይለካል፤ ትራንስሚተር የተለካውን ወደ ምልክት ቀይሮ ይልካል፤ ኮንትሮለር ምልክቱን ከሴትፖይንቱ፣ ማለትም ከምንፈልገው መጠን ጋር አመዛዝኖ ይወስናል፤ ቫልቭ ወይም ሞተር ውሳኔውን ይፈጽማል። ይህ ዙር ሉፕ ይባላል። ብዙ ሰው ከስም የሚያውቀው ኮንትሮለር፣ ፒኤልሲ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ የመኪና ሞዴል በተለወጠ ቁጥር ግድግዳ ሙሉ ሪሌይ ፈትቶ መልሶ ማሰር ለሰለቻቸው የአሜሪካ ፋብሪካዎች የተሠራ ኮምፒውተር ነው። ከቀደምቶቹ አንዱ ሞዲኮን 084 የተባለው የሠሪዎቹ 84ኛ ፕሮጀክት ስለነበረ ነው፤ ስም ለማውጣት እንኳ ጊዜ ያልነበራቸው ሰዎች ይመስሉኛል። ፒአይዲ የሚባለውን የቁጥጥር ስሌት ኒኮላስ ሚኖርስኪ በ1922 የጻፈው የመርከበኞችን መሪ አያያዝ ተመልክቶ ነው። ስለ እሱ ብዙ ተጽፏል፤ እዚያ አልቆይም።

ወደ ሽቦዎቹ ልመለስ። ትራንስሚተሩ የለካውን የሚናገረው በኤሌክትሪክ ፍሰት መጠን ነው፤ ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር። ቁመቱ 5 ሜትር የሆነ ታንከር ባዶ ሲሆን 4፣ ግማሽ ሲደርስ 12፣ ጢም ሲል 20 ይልካል። ተለማማጅ ሆኖ የመጣ ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው፦ ለምን ከዜሮ አይጀምርም? ብዙ ባልደረቦቼ «ስታንዳርዱ ነው» ብለው ያልፉታል። ይህ መልስ ያናድደኛል፤ የሙያው ምርጥ ሐሳብ እዚያች ጥያቄ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ በሩን ዘግቶ መሄድ ነው።

ከ4 የሚጀምረው ባዶ ታንከርና የተቆረጠ ሽቦ አንድ ዓይነት ወሬ እንዳያወሩ ነው። ከ0 ቢጀምር ኖሮ አይጥ ሽቦውን ስትበላው፣ ፊውዝ ሲቃጠል፣ ማሰሪያ ብሎን ሲላላ፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየው «ታንከሩ ባዶ ነው» የሚል ብቻ ይሆን ነበር። ኮንትሮለሩ ደግሞ የሰማውን ያምናል። የመሙያውን ቫልቭ ወለል አድርጎ ይከፍታል፤ ውሃው ሞልቶ መሬት ላይ ሲፈስም አይዘጋውም። ከ4 ሲጀምር ግን ዜሮ የታንከሩ መጠን መሆኑ ይቀርና «የሚናገር የለም» የሚል መልእክት ይሆናል። ሌሊት በየሰዓቱ ፊሽካ የሚነፋ ዘበኛ ሌባ ባይመጣም ይነፋል፤ የሰፈሩ ሰው ከአልጋው የሚነሳው ፊሽካው የቀረ ዕለት ነው።

ነገሩ እዚህ አያበቃም። በነዚያው ሁለት ሽቦዎች ትራንስሚተሩ ምግቡንም ያገኛል። አብዛኛውን ጊዜ 24 ቮልት ይሰጠዋል፤ ታንከሩ ባዶ ሲሆንም ያችን 4 ሚሊአምፔር ሳያልፍ ራሱን አስተዳድሮ፣ ለክቶ፣ አስልቶ መልስ ይሰጣል። ምልክቱ በቮልት ያልሆነበትም ምክንያት አለው፦ ሽቦው በረዘመ ቁጥር ቮልት በመንገድ ላይ ይቀንሳል፣ ፍሰት ግን በአንድ ሉፕ ውስጥ በየትኛውም ቦታ እኩል ነው። ከታንከሩ ሥር 12 የነበረው መቶዎች ሜትር ተጉዞ ኮንትሮል ሩም ሲደርስም 12 ነው። እዚያ 250 ኦም ሬዚስተር ካገኘ ከ1 እስከ 5 ቮልት ሆኖ ይነበባል።

የዘር ሐረጉም ረጅም ነው። ከኤሌክትሪኩ በፊት ምልክት የሚጓዘው በቀጭን ቱቦ ውስጥ በታመቀ አየር ነበር፤ ከ3 እስከ 15 ፒኤስአይ። 15 የ3 አምስት እጥፍ እንደሆነ 20ም የ4 አምስት እጥፍ ነው። የአየሩ ዘመን ሰዎችም ዜሮን ለብልሽት ትተውት ነበር ማለት ነው። ናሙር የተባለው የተጠቃሚዎች ማኅበር በኋላ ሐሳቡን አስፍቶታል፦ ልኬት ከ3.8 እስከ 20.5 ባለው ውስጥ ይኑር፤ ትራንስሚተሩ ራሱ ሲበላሽ ከ3.6 በታች ይውረድ ወይም ከ21 በላይ ይውጣ። መሣሪያው ሕመሙን በዚያው ሽቦ ይናገራል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ብልሃት አንድ ግድየለሽ ሰው በአንዲት ምርጫ ሊያፈርሰው ይችላል። አንድ ፋብሪካ ውስጥ የቦይለር መጋቢ ውሃ ፓምፕ ደርቆ እየዞረ ተቃጠለ ተብሎ ተጠራሁ። ስክሪኑ 1 ሜትር ውሃ አለ ይላል። በዕድሜ የገፉ ኦፕሬተር ወደ ታንከሩ ወሰዱኝና ሆዱን በመፍቻ እየመቱ «ስማ ልጄ፣ ይሄ ውሃ ያለበት ድምፅ ነው?» አሉኝ። አልነበረም። የፒኤልሲው ካርድ ሲቀየር የቀየረው ሰው ከ4 እስከ 20 በማለት ፈንታ ከ0 እስከ 20 ብሎት ሄዷል። ስሌቱን እዩት፦ ታንከሩ ሲሞላ 20 ሁለቱም ዘንድ 5 ሜትር ነውና ስህተቱ አይታይም። ግማሽ ሲሆን 2.5 መባል የነበረበት 3 ይላል። ባዶ ሲሆን 4 ሚሊአምፔር ከ20ው አንድ አምስተኛ ነውና 1 ሜትር ይላል። ፓምፑን ማቆሚያው ግማሽ ሜትር ላይ ተቀምጦ ስለነበር የሚቆምበት ሰዓት ከቶ ሊመጣ አይችልም። ሞልቶ ሲታይ ልክ፣ አደጋው በቀረበ ቁጥር ውሸታም። ከዚህ የከፋ ስህተት በዚህ ሙያ አላየሁም፤ ደግሞም ተሠርቶ ሲረከብ የሚፈተሸው አብዛኛውን ጊዜ ታንከሩ ሞልቶ ነው።

ምልክት የሚናገረው ስለ ማን እንደሆነ አለመጠየቅ ትልቁንም ቤት አናግቷል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መጋቢት 1979 ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ባለው የስሪ ማይል አይላንድ የኑክሌር ማመንጫ አንድ ቫልቭ ተከፍቶ ቀረ። በፓነሉ ላይ የነበረው መብራት ግን ጠፋ፤ ኦፕሬተሮቹም ቫልቩ ተዘጋ ብለው አመኑ። መብራቱ የሚያሳየው «ዝጋ» የሚለው ትእዛዝ መሄዱን እንጂ ቫልቩ መታዘዙን አልነበረም። ማቀዝቀዣው ውሃ በዚያ ቫልቭ ከ2 ሰዓት በላይ ሲወጣ ቆይቶ የማመንጫው እምብርት በከፊል ቀለጠ። ዛሬም በየፋብሪካው «ክፈት» የተባለን ቫልቭ በስክሪን ላይ ወዲያው አረንጓዴ አድርገው የሚሥሉ አሉ። አረንጓዴ መሆን ያለበት ቫልቩ ላይ ያለው ሊሚት ስዊች «ተከፍቻለሁ» ሲል ነው።

ቀዩ የአደጋ ማቆሚያ ቁልፍም በዚሁ ሐሳብ ነው የሚታሰረው። ሳይነካ ዝግ የሆነ ኮንታክት ይሰጠዋል፤ ሲጫኑት ይቆርጣል፣ ሽቦው ሲበጠስም ይቆርጣል፣ ማሽኑ በሁለቱም ይቆማል። ገልብጠው ያሰሩት ቁልፍ ሽቦው የተበጠሰ ዕለት ጌጥ ነው። ቫልቮችም መብራት ሲጠፋና ኮምፕሬሰር ሲቆም ስፕሪንጋቸው ወዴት እንደሚወስዳቸው አስቀድሞ ይወሰናል፦ የቦይለር ነዳጅ ይዘጋል፣ ማቀዝቀዣ ውሃ ይከፈታል። መብራት በየጊዜው በሚቋረጥበት አገር ይህ ሲገዛ ጀምሮ መጠየቅ ያለበት ነገር ነው፤ ዋጋ ብቻ አይተው የሚያዝዙ ግዢ ክፍሎች ይስሙኝ።

ሌላው የማልታገሠው ልማድ ትራንስሚተር ሲበላሽ ምርት እንዳይቆም ብሎ በካሊብሬተር፣ ማለትም ምልክት አስመስሎ በሚሰጥ መሣሪያ፣ 12 ሚሊአምፔር ሰጥቶ መሄድ ነው። ለሰዓት ተብሎ ይጀመርና ለሳምንት ይቀራል። ስለዚህ ንባቡ ያጠራጠረው ሰው ስክሪኑ ፊት ቆሞ ከመከራከር ይልቅ መልቲሜትሩን በሉፑ ውስጥ በተከታታይ ያስገባ። 4.00 ካለ ታንከሩ በእርግጥ ባዶ ሳይሆን አይቀርም። ከ3.6 በታች ወይም ከ21 በላይ ካለ ትራንስሚተሩን ይፍታ። 0 ካለ ፊውዙን፣ ሽቦውንና 24 ቮልቱን ይከተል። 12 ላይ ከጠዋት ጀምሮ ሳይነቃነቅ ተቸንክሮ ካገኘው ደግሞ የፈረቃ መዝገቡን ገልጦ ካሊብሬተሩን ማን እንደፈረመ ይይ።